እምቢ ያለ ሕዝብ ስንት ጊዜ ይጠየቃል?

አየርላንድ ውስጥ የቱም መንግሥት ብቻውን የማይነካው ነገር ቢኖር ሕገ መንግሥቱ ነው። በ1937 ከጸደቀው ሰነድ አንዲት ሐረግ ለመቀየር ሕዝብ መጠየቅ አለበት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የሚገባ ትልልቅ ውልም በዚሁ በር እንዲያልፍ የሆነው በአንድ ሰው ግትርነት ነው። ሬይመንድ ክሮቲ ይባላል፤ ገበሬም የምጣኔ ሀብት ምሁርም ነበር። የጋራ ገበያውን የሚያጠናክረውን ስምምነት መንግሥት በፓርላማ ብቻ ሊያጸድቀው ሲል ፍርድ ቤት ሄዶ አሳገደው። በ1987 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለእሱ ፈረደ። በዓመቱ መጀመሪያ ሥራ ላይ ሊውል የነበረው ስምምነት እስከ ሐምሌ ተጓተተ፤ የ12 አገር መንግሥታት ለአንድ ባለጉዳይ እስኪፈረድለት፣ ከዚያም የአየርላንድ ሕዝብ ድምፅ እስኪሰጥ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ለእኔ ቢጤ የቀበሌ ሊቀ መንበር ደጅ ጠንቶ ላደገ ሰው ይህ ተረት ይመስላል።

ኅብረቱ ግን እምቢታን ብዙም አይወድም። በ2001 አየርላንዶች ኅብረቱን ለአዳዲስ አባላት የሚያዘጋጀውን የኒስን ስምምነት 53.9 በመቶ በሆነ ድምፅ ጣሉት። በዓመቱ ተመልሰው ተጠየቁና 62.9 በመቶው እሺ አለ። በሰኔ 2008 ደግሞ የኅብረቱን አሠራር የሚቀይረው የሊዝበን ስምምነት መጣ። ያን ሰሞን ደብሊን ውስጥ ፖስተር ያልተሰቀለበት የመብራት ምሰሶ አልነበረም። መራጩን ያደናገረው የሰነዱ ርዝመትና ውስብስብነት ነው፤ ጠበቃ ካልሆኑ በቀር አንብቦ መጨረስ ራሱ ፈተና ነበር። አየርላንድ አጭታው የኅብረቱ መቀመጫ ብራስልስ የገባው ኮሚሽነር (የኅብረቱ የሥራ አስፈጻሚ አካል አባል) ቻርሊ ማክሪቪ እንኳ ከዳር እስከ ዳር እንዳላነበበው በአደባባይ ተናገረ። ተቃዋሚዎቹ ከዚህ የተሻለ ቅስቀሳ ከየት ያመጣሉ? «ካልገባህ እምቢ በል» አሉ። 53.4 በመቶው እምቢ አለ።

ከዚያ ድርድር ሆነ። እያንዳንዱ አገር የራሱን ኮሚሽነር እንደያዘ እንዲቀጥል፣ የአየርላንድ ገለልተኝነት፣ የግብር ሥልጣኗና የፅንስ ማቋረጥ ሕጓ እንዳይነካ ማረጋገጫ ተሰጠ። የስምምነቱ ጽሑፍ ግን ያው ነበር። በመሃል ባንኮቹ ተንኮታኮቱ፣ ሥራ ጠፋ። ጥቅምት 2009 በሁለተኛው ዙር የድጋፍ ፖስተሮቹ ስለ ሥራ ዕድል ማውራት ጀመሩ። ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ደግሞ ስምምነቱ ከጸደቀ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 1.84 ዩሮ ሊሆን ይችላል የሚል ፖስተር ሰቀለ። ሕጋዊው ክፍያ 8.65 ዩሮ በነበረበት ጊዜ ማለት ነው! ይህ ዓይነቱ ማስፈራሪያ አልያዘም፤ 67.1 በመቶው እሺ አለ።

እኛ አየርላንድ የምንኖር ሐበሾች በዚያ ሰሞን አፋችን ሥራ አልፈታም። የአካባቢ ምክር ቤት ለመምረጥ ነዋሪ መሆን ይበቃል፤ ለሕዝበ ውሳኔ ግን ዜግነት ስለሚጠየቅ አብዛኞቻችን ተመልካች ነበርን። «ይሄማ የኛው ቀበሌ ነው» አሉ አንድ ጋሼ የምላቸው ሰው፣ «ተሰብሳቢው እስኪስማማ በሩ አይከፈትም።» ሁላችንም ሳቅን። ቀልዱ ጥሩ ነው፤ ፍርዱ ግን አልተዋጠልኝም።

ምክንያቱም እዚህ አገር መንግሥት የሕዝብ ገንዘብ አውጥቶ ለአንዱ ወገን መቀስቀስ አይችልም። በ1995 ፓትሪሺያ ማኬና የተባለች ፖለቲከኛ መንግሥትን ከስሳ ያስፈረደችው ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ በሌላ ክስ፣ የሕዝብ ማሰራጫው ለድጋፍና ለተቃውሞ ቅስቀሳ በነፃ የሚሰጠው የአየር ሰዓት እኩል መሆን እንዳለበት ተፈረደ። ሁለት ጊዜ ቢጠየቁም ሁለቱንም ጊዜ እምቢ ባዩ ሙሉ ድምፅ ይዞ ተከራክሯል። የሲዳማን ሕዝበ ውሳኔ አስታውሱ። በኅዳር 2019 ክልል የመሆኑ ጥያቄ 98.5 በመቶ ድጋፍ አገኘ። ሕዝቡ ክልሉን ከልቡ መፈለጉን አልጠራጠርም፤ ጥያቄው የዘመናት ነው። ነገር ግን ያን ሰሞን የሌላኛው ወገን ሐሳብ በአደባባይ ሲነገር የሰማ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። በወላይታ ዞን ደግሞ የየካቲት 2023ቱን ድምፅ ምርጫ ቦርድ ራሱ በታየው ጥሰት ምክንያት ሰርዞ በሰኔ አስደግሞታል። የወላይታው የተደገመው አሰጣጡ ስለተበላሸ ነው፤ የአየርላንዱ የተደገመው አሰጣጡ አንዳች እንከን ሳይወጣለት፣ ውጤቱ ብራስልስን ስላላስደሰተ ነው። የትኛው የባሰ ያሳፍራል ብትሉኝ ወዲያው አልመልስም።

ነውሩን የማየው ሌላ ቦታ ነው። በግንቦት 2005 ፈረንሳዮች የአውሮፓን ሕገ መንግሥት 54.7 በመቶ በሆነ ድምፅ ጣሉት፤ ከሦስት ቀን በኋላ ሆላንዶች በ61.5 በመቶ ደገሙት። ሊዝበን ከዚያ ከወደቀው ሰነድ አብዛኛውን ይዞ የመጣ ነው። ያን ጊዜ ግን ፈረንሳዮችን ማንም ተመልሶ አልጠየቃቸውም፤ በየካቲት 2008 በፓርላማ አለቀ። ሆላንድም እንዲሁ። ቢያንስ አየርላንዳዊው ደጁ ተንኳኩቶ ተለምኗል፤ ፓሪስ ያለው ጎረቤቱ ግን በጀርባው ታልፏል። ሆላንድ ጭራሽ በ2016 ሕዝቡ ኅብረቱ ከዩክሬን ጋር ያደረገውን ስምምነት ከተቃወመ በኋላ የሕዝበ ውሳኔ ሕጉን ራሱን በ2018 ሻረችው። ግሪኮች በ2015 በ61.3 በመቶ እምቢ ያሉትን የአበዳሪዎች የቁጠባ ጫና መንግሥታቸው በሳምንቱ ከባሰ ጋር ተሸክሞት ተመለሰ። እምቢታው እንዳለ ከተከበረለት ሕዝብ አንዱ እንግሊዝ ነው፤ እሱም ኅብረቱን ትቶ ስለሄደ።

በዚህ ሁሉ መሃል አዲስ አበባ ትዝ ትለኛለች። የአንድ አህጉር ኅብረት መቀመጫ ናት፤ ከተሜው ግን ስለ አፍሪካ ኅብረት በደንብ የሚያውቀው የካቲት ላይ መሪዎቹ ሲመጡ መንገድ መዘጋቱን ነው። ሚድራንድ፣ ደቡብ አፍሪካ ያለው የኅብረቱ ፓርላማ አባላቱን የየአገሩ ምክር ቤት ይልክለታል፤ ሕግ አያወጣም፣ ምክር ይሰጣል። የአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነትን ምክር ቤታችን በ2019 አጽድቆታል። ይህ ስምምነት ነገ የመርካቶን ነጋዴ፣ የሐዋሳን የልብስ ሠራተኛ በቀጥታ የሚነካ ነው። ሕዝበ ውሳኔ ይቅር፣ በወጉ ክርክር ሲደረግበት አልሰማሁም። ስልክ ደውዬ ይህን ያነሳሁበት አንድ ዘመዴ «ሕዝቡ ምኑን ያውቀዋል ብለህ ነው?» አለኝ። የማክሪቪን ነገር ነገርኩት። «ታዲያ ደመወዙን ማን ከፈለው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እሱን ለማስረዳት የስልኩ ካርድ አልበቃንም።