«እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ» ለቀጣሪ ምን ይነግረዋል?

ውጭ አገር ሁለት ሦስት ዓመት እንግሊዝኛ ሲያስተምር ቆይቶ የተመለሰ ሰው ሲቪ ላይ ሦስት ነገሮች አይጠፉም፦ ትዕግሥት፣ ተግባቢነት፣ የሌላውን ባህል ማክበር። ቀጣሪው እነዚህን ቃላት ከአስጎብኚውም ከሽያጭ ሠራተኛውም ሲቪ ላይ ሲያነብ ስለዋለ ዓይኑ ሳያርፍባቸው ያልፋል። «ዓለምን ሲዞር የከረመ ነው» ብሎም ወደሚቀጥለው ወረቀት ይሄዳል። ጥፋቱ የቀጣሪው ብቻ አይደለም። መምህሩ በየቀኑ ሲሠራው የኖረውን ሙያ በስሙ ሊጠራው አልቻለም።

ከሙያው ሁሉ በእኔ ሚዛን ትልቁ መመሪያ መስጠትና መረዳትን ማረጋገጥ ነው። ያልሠለጠነ መምህር ጀማሪዎች ፊት ቆሞ በእንግሊዝኛ እንዲህ ይላል፦ «እሺ፣ አሁን ምን እናደርጋለን መሰላችሁ፣ ወረቀቱን አጠገባችሁ ላለው ሰው ሳታሳዩ፣ ማለቴ መጀመሪያ ሁለት ሁለት ትሆኑና፣ ባዶ ቦታውን ለመሙላት ብትጠያየቁ ጥሩ ነው።» ጀማሪው ከዚህ ሁሉ አራት አምስት ቃል ቢይዝ ነው። ወረቀቱ ቀድሞ ታድሎ ከሆነ ደግሞ ዓይኑም ልቡም እዚያ ላይ ስለሆነ እሱንም አይሰማም። መምህሩ «ገባችሁ?» ሲል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ» ይላል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ግማሹ ተማሪ ከጎረቤቱ ወረቀት ላይ ይገለብጣል።

የሠለጠነው መምህር ቅደም ተከተሉን ይለውጠዋል። ወረቀቱ ገና በእጁ እያለ ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ያስቀምጣል። ቀጥሎ በአጭር በአጭሩ «ይህ ያንተ ነው። ይህ ያንቺ ነው። አታሳዩ። ጠይቁ። ጻፉ» ይላል። ከአንድ ተማሪ ጋር የመጀመሪያውን ጥያቄ ሁሉም እያየ ይሠራል። ከዚያ «ገባችሁ?» በማለት ፈንታ «ወረቀታችሁን ለጓደኛችሁ ታሳያላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። «አናሳይም» ሲሉት ነው ወረቀቱን የሚያድለው።

ሰዋስው ላይም ያው ነው። «አይ ዩዝድ ቱ ስሞክ» (ድሮ አጨስ ነበር) የሚለውን ዓረፍተ ነገር ያስተማረ መምህር ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ አሁን ያጨሳል? አያጨስም። ድሮስ? አዎ። አንድ ቀን ብቻ ነው ወይስ ደጋግሞ? ደጋግሞ። መልሶቹ ከአንድ ሁለት ቃል አይበልጡም፤ ጥያቄዎቹ ውስጥም የሚጠናው ሐረግ ራሱ የለም። ጀማሪ መምህር የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ሐረጉን ጥያቄው ውስጥ ይከተውና ተማሪውን ባልገባው ነገር ስላልገባው ነገር ይጠይቀዋል።

ይህ ችሎታ ከክፍል ውጭም በብዙ ቦታ ይፈለጋል። አብራሪ ከበረራ ተቆጣጣሪ የተሰጠውን ፈቃድ በቃሉ መልሶ የሚደግመው፣ ነርስም ታካሚን «መድኃኒቱን ቤትዎ ሲገቡ እንዴት እንደሚወስዱት እስቲ ይንገሩኝ» የምትለው በዚሁ ምክንያት ነው። «አዎ ገብቶኛል» ማስረጃ አይሆንም። አዲስ ሶፍትዌር ለመቶ ሠራተኛ የሚያስተዋውቅ ድርጅት የሚከስረው ሥልጠናው ላይ ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ሲወጣና በማግስቱ የእርዳታ ስልኩ ሲጨናነቅ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ መረዳትን መፈተሽ የለመደ ሰው ዋጋው ብዙ ነው።

ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። የ50 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ወረቀት ላይ ሲታቀድ ያምራል፦ 5 ማሟሟቂያ፣ 10 አዲሱን ማስተዋወቂያ፣ 10 ቁጥጥር ያለበት ልምምድ፣ 20 ነፃ ንግግር፣ 5 እርማት። ሲደመር ልክ 50 ይሆናል፤ ችግሩም ይኸው ነው። ወንበር ማዞር፣ ወረቀት ማደልና አርፍዶ የመጣን ማስቀመጥ 4 ደቂቃ ይበላሉ፤ ማስተዋወቂያው ወደ 18 ያብጣል። የሚቆረጠው ሁልጊዜ ከጭራው ስለሆነ የትምህርቱ ዓላማ የነበረው ነፃ ንግግር 8 ደቂቃ ብቻ ይቀረዋል። ልምድ ያለው ሰው ዕቅዱን ከመጨረሻው ይጀምራል። መጀመሪያ 20ውን ደቂቃ ያስከብራል፤ ከልምምዱ ውስጥ ሰዓት ካጠረ የሚዘለለው የትኛው እንደሆነ ቀድሞ ምልክት ያደርግበታል፤ ሰዓት ከተረፈም የ5 ደቂቃ መጠባበቂያ ኪሱ ውስጥ አለው። ፕሮጀክት የሚመራ ሰው የሚከፈለው የሚጣለውን ቀድሞ በማወቁ ነው።

በዚህ ነገር የምስክር ወረቀቱ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ሴልታ የሚባለው የካምብሪጅ የእንግሊዝኛ መምህርነት ምስክር ወረቀት ቢያንስ 120 ሰዓት ይወስዳል። ከዚያ ውስጥ ሠልጣኙ እውነተኛ ተማሪዎችን 6 ሰዓት ሲያስተምር በአሠልጣኝ ዓይን ይገመገማል። በዕቅዱ ላይ ምን ችግር ሊገጥመው እንደሚችልና መፍትሔውን ቀድሞ መጻፍ አለበት። በኢንተርኔት የሚሸጡት ብዙዎቹ ባለ 120 ሰዓት የቴፍል (እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ የማስተማር) ወረቀቶች ቁጥራቸው ከዚህ ጋር ቢመሳሰልም ሠልጣኙ አንድ ተማሪ እንኳ ሳያስተምር የሚወሰዱ ናቸው። ቃለ መጠይቅ ላይ «ሲያስተምሩ ማን አይቶ ገመገመዎት?» ተብሎ ቢጠየቅ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ስለ ቆይታ ርዝመትም እንዲሁ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የውጭ አገር ሰዎችን ወደ ጃፓን ትምህርት ቤቶች የሚያመጣው ጄት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረ ሲሆን ውሉ በየዓመቱ እየታደሰ እስከ አምስት ዓመት ይዘልቃል። አብዛኞቹ ተሳታፊዎች ረዳት ሆነው ከጃፓናዊ መምህር ጎን ይሠራሉ። አንዳንዱ አምስቱንም ዓመት ከመጽሐፉ ጮክ ብሎ እያነበበ ተማሪዎች እንዲደግሙት ሲያደርግ ይከርማል፤ ረዳቶቹ ራሳቸው ይህን «የሰው ቴፕ» ብለው ያላግጡበታል። ሌላው ከባልደረባው ጋር ሳምንታዊ የአሥር ደቂቃ ስብሰባ ለምኖ፣ ማን የቱን ክፍል እንደሚመራ ተነጋግሮ፣ የንግግር ፈተናውን አብሮ ቀርጾ ይወጣል። የሁለቱ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ግን አንድ ዓይነት ነው። ሥልጣን በሌለህበት ቦታ፣ ለሁለታችሁም እኩል በማይመች ቋንቋ ተግባብቶ ሥራ ማስኬድ ከባድ ሙያ ነው። ያንን የሠራ ሰው በዝርዝር ይናገረው።

ከክፍል ይዞት የሚወጣ ክፉ ልማድም አለ። ለዓመታት ንግግሩን ሲያቀልል የኖረ መምህር ቢሮ ገብቶም ለባልደረቦቹ ቃል በቃል እየቆረጠ፣ በእጁ እያሳየ ያወራል፤ ሰውን እንደ ሕፃን የሚያይ ይመስላል። ለጀማሪ ማቅለል ማለት ቋንቋውን መስበር አለመሆኑን ቀድሞ የተረዳ ይህ ብዙም አይጠናወተውም።

እንግሊዝኛን ራሱ ተምሮ ያወቀ መምህርን በተመለከተ ገበያው ፍትሐዊ አይደለም። ለምሳሌ የደቡብ ኮሪያ የቋንቋ መምህራን ኢ-2 ቪዛ እንግሊዝኛ ለማስተማር የሚሰጠው በመሠረቱ ለሰባት አገሮች ዜጎች ነው፦ አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ አየርላንድና ደቡብ አፍሪካ። ሆኖም ቋንቋውን በጥናት የያዘ ሰው ተማሪው የት እንደሚደናቀፍ ያውቃል፤ እዚያው ተደናቅፎ አልፏልና። ይህንን ሲቪው ላይ እንደ ጉድለት ሊያየው አይገባም።

አጻጻፉን በተመለከተ፣ «እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ» በሚለው ፈንታ እንዲህ ቢባል ይሻላል፦ «በሳምንት 22 ክፍለ ጊዜ፣ በየክፍሉ እስከ 35 ተማሪ፣ ከኤ2 እስከ ቢ1 ደረጃ፤ ለዘጠነኛ ክፍል የ12 ሳምንት የንግግር ትምህርት ነድፌአለሁ፤ ሁለት አዳዲስ መምህራን ተጠቅመውበታል።» ኤ2 እና ቢ1 የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ካወጣው ባለ ስድስት ደረጃ የቋንቋ ችሎታ መለኪያ የተወሰዱ ስለሆኑ ከመምህርነት ውጭ ያለ ቀጣሪም ፈልጎ ሊረዳቸው ይችላል። ቁጥሮቹ ግን የራስ መሆን አለባቸው፤ የተጋነነ ቁጥር በሁለተኛው ጥያቄ ይጋለጣል።

ማስረጃው መሰብሰብ ያለበት ሥራው ላይ እያሉ ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ለሕፃናት የሚሰጠውን የግል ማስጠናት ሥራ ስታጠብቅ፣ ውጭ አገር ተቀምጠው በኢንተርኔት የሚያስተምሩ መምህራንን መቅጠርም ከለከለች። ሥራው ሲቆም ከመማሪያ መድረኮቹም ብዙዎቹ ተዘጉ። የክፍል መዝገቡን እዚያው ትቶ የነበረ ሰው የሚያሳየው ነገር አጣ። ስለዚህ በየመንፈቁ አራት ነገር ወደ ራስ ማኅደር ይግባ፦ የውሉ ቅጂ፤ ተጽፎ የተሰጠ የክፍል ግምገማ፤ ራስ ያዘጋጁት የትምህርት ዕቅድና መለማመጃ (የተማሪ ስምና ፎቶ የሌለበት)፤ እንዲሁም ማኅተም ያለበትና የሥራውን ዓይነት፣ ሰዓቱንና የክፍሉን ደረጃ በዝርዝር የሚጠቅስ የሥራ ልምድ ደብዳቤ። ደብዳቤውን ረቂቁን ራስ ጽፎ ለርዕሰ መምህሩ ማቅረብ ነውር የለውም። በሥራ የተወጠረ ሰው አስተካክሎ መፈረም ይቀለዋል፤ ራሱ ይጻፈው ከተባለ ግን «በእኛ ዘንድ በመምህርነት አገልግለዋል» የምትል አንዲት መስመር ጽፎ ይሰጣል።