ቀፎውን የሚጥለው ታማሚ

ካፕሱሉን በጥፍሩ ከፍቶ፣ ውስጡን ማንኪያ ላይ አራግፎ፣ ቀፎውን በእምነቱ ምክንያት የሚጥል ታማሚ አለ። ለሐኪሙ አይነግርም፤ «አክራሪ» እንዳይባል ይሰጋል። የአንዳንዱ ካፕሱል ፍሬዎች ግን የተለበጡት የጨጓራ አሲድ እንዳያጠፋቸው ነው። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ወቅጦ የጠጣ ሰው መድኃኒቱ አንጀት ሳይደርስ ሊበላሽበት ይችላል።

ሰውዬው ሞኝ አይደለም። ቀፎው በአብዛኛው ከጄላቲን ይሠራል፤ ጄላቲን ደግሞ ከአሳማ ወይም ከከብት ቆዳና አጥንት ይወጣል። ለሙስሊሙና ለአይሁዱ አሳማው፣ ለሂንዱው ላሟ፣ ከእንስሳ የመጣ ነገር አልነካም ላለ ሰው ሁለቱም ይከብዳሉ። መግለጫ ወረቀቱ «ጄላቲን» ብሎ ያልፋል፤ የየትኛው እንስሳ እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይጽፍም። የደም መርጋትን የሚከላከለው ሄፓሪንም በብዛት የሚገኘው ከአሳማ አንጀት ነው።

«ለሕክምና ሲሆን ሃይማኖቱም ይፈቅዳል» ብሎ የሚገላገል ባለሙያ ሞልቷል። እውነትም ሊሆን ይችላል። በ1995 እ.ኤ.አ. ኩዌት ላይ የተሰበሰቡ የእስልምና ሊቃውንትና ሐኪሞች፣ ጄላቲን ባሕርዩ ተለውጧልና ይፈቀዳል ብለዋል። ሊቃውንት ሁሉ ግን በዚህ አይስማሙም፤ ፍርዱንም መስጠት የነጭ ጋዋን ለባሹ ሥራ አይደለም። የእሱ ድርሻ መድኃኒቱ ከምን እንደተሠራ፣ ምትክ ይኑረው አይኑረው፣ ቢተውት ምን እንደሚያስከትል ሳይሸፋፍን መናገር ነው።

ምትክ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይጠፋም፦ ከእፅዋት ሴሉሎስ የተሠራ ካፕሱል፣ ያው መድኃኒት በክኒን ወይም በሽሮፕ (አልኮል እንደሌለበት ታይቶ)፣ አንዳንዴም በሄፓሪን ፈንታ በፋብሪካ የሚቀመመው ፎንዳፓሪኑክስ። ኢንሱሊን ራሱ ከአሳማና ከከብት ቆሽት ይወጣ ነበር፤ በባክቴሪያ የሚመረተው የሰው ኢንሱሊን አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። ምትክ የሚታጣበትም አለ። ቆሽታቸው በቂ ኢንዛይም ለማያመነጭ ሰዎች የሚሰጠው የምግብ መፍጫ መድኃኒት በአብዛኛው ከአሳማ ቆሽት የተገኘ ነው። ይህን ደብቆ መስጠት አያዋጣም፤ ታማሚው የደረሰበት ቀን መድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን ሐኪሙንም ይተዋል።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ለዚህ ሁሉ ፋታ የለም፣ ይገባኛል። ለዓመታት የሚዋጥ መድኃኒት ሲታዘዝ ግን ከአለርጂው ጥያቄ ቀጥሎ «በእምነትዎ ወይም በሕሊናዎ የማይወስዱት ነገር አለ?» ማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። መልሱም ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ ታማሚው በየክፍሉ አዲስ እያስረዳ እንዳይሸማቀቅ።