ሳያነቡ ለሚያስነብቡን

እስቲ ዛሬ ደግሞ ማንም አመስግኗቸው የማያውቃቸውን ሰዎች እናመስግን። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ አገር ተኝቶ እነሱ አይተኙም፣ "እንቅልፍ ማጣት አንጎልን እንዲህ ያደርጋል" የሚል ሊንክ ግሩፕ ላይ ይለጥፉና ከስሩ "ይሄን ሳታነቡ እንዳትተኙ!!" ብለው ይጨምሩበታል፣ እኛ ደግሞ ተኝተናል። የጓደኛው ጤና አሳስቦት የራሱን እንቅልፍ ያጣ ሰው ካልተመሰገነ ማን ሊመሰገን ነው?

የኛ ግሩፕ የድሬ ልጆች ግሩፕ ነው፣ ከዚራም ሳቢያንም ለገሃሬም ያለ አለበት፣ ጅቡቲ የተሻገሩም አሉ። ሲከፈት ለኳስ መቀጣጠሪያ ነበር፣ አሁን ኳሱ ቀርቷል፣ ሳይንስ ብቻ ነው አቦ። ጄምስ ዌብ የሚሉት ቴሌስኮፕ ከመሬት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በ6.5 ሜትር መስታወቱ የሆነ ጋላክሲ ባየ ቁጥር ወሬው ለኛ ይደርሰናል። ጎረቤት ሰርግ መደገሱን ግን የሰማነው ድንኳን ሲተከል ነው።

ከሁሉም የማደንቅላቸው ፍጥነታቸውን ነው። እኔና እናንተ አንድ ነገር እስክናነብ ጊዜ ይሄዳል፣ እነሱ ርዕሱን ያያሉ፣ እሱንም ሙሉውን አይደለም፣ ስልኩ ላይ ቆርጦ ሦስት ነጥብ እስከሚያደርግበት ድረስ ነው። ባለፈው አንዱ ወዳጃችን "ሳይንቲስቶች ካንሰርን ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋ መድኃኒት አገኙ..." የሚል ላከ፣ ግሩፑ በአልሃምዱሊላህና በእግዚአብሔር ይመስገን ተጥለቀለቀ፣ አንዷ እንደውም ለአክስቷ ደውላ ልታበስር ስትል አንድ ምቀኛ ሊንኩን ከፈተው። ከሦስቱ ነጥብ በኋላ "በአይጦች ላይ" ይላል። ወላሂ እንዲህ አይነት ሰው ግሩፕ ውስጥ ምን ይሰራል? ደስታችንን ገደለብን፣ ላኪው ግን አልተበሳጨም፣ "ያው አይጥም ፍጡር ነው" ብሎ ሌላ ሊንክ ላከ።

አንዳንዱ "ለምን አንብባችሁ አትልኩም" ይላል፣ ኢኮኖሚ አያውቅም ማለት ነው። ሊንክ ስትልክ የሚሄደው አንድ መስመር ጽሑፍ ነው፣ ስትከፍተው ግን ፎቶው፣ ማስታወቂያው፣ ሳትነካው በራሱ የሚጀምረው ቪዲዮ ሁሉ ካንተ ፓኬጅ ላይ ነው የሚቆረጠው። ስለዚህ ላኪው ወጪውን ለኛ እያካፈለ እውቀቱን ራሱ ይይዛል። ቢዝነስ ማለት ይሄ ነው።

የፕሮዳክቲቪቲ ሊንኮቹን ደግሞ ሳላነሳ ባልፍ ግፍ ነው። ፖሞዶሮ የሚባል ዘዴ አለ፣ ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ ተማሪ እያለ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በቲማቲም ቅርጽ የተሰራች የኩሽና ሰዓት እየሞላ የጀመረው፣ 25 ደቂቃ ትሰራለህ 5 ደቂቃ ታርፋለህ፣ በቃ። ይሄ ሊንክ ግሩፓችን ላይ የማይመጣበት ሳምንት የለም፣ የሚመጣውም ሁሌ ከሰዓት ነው፣ ሱቁ ሁሉ ዘግቶ፣ ፍራሽ ተነጥፎ፣ ሆጃው ተቀድቶ፣ በርጫው ደርቶ ምርቃናው ከች ሲል። በዛ ሰዓት የኛን ልጆች ማየት ነው! አንዱ አፕ ሊሰራ ነው፣ አንዱ ኮዲንግ ሊማር ነው፣ አንዱ በሶላር የሚሰራ ባጃጅ ሊያስመጣ ነው፣ ሁሉም ነገ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ሊነሳ ተማምሏል፣ ሊንኩም በሙሉ ድምፅ ፒን ተደርጓል። ማታ ምርቃናው ሲወርድ ሶላር ባጃጁም አብሮ ይወርዳል። የቺሪሎ ዘዴ እዚህ ትንሽ ተሻሽሎ ነው የሚሰራው፣ አምስት ደቂቃዋ እንዳለች ናት፣ ሀያ አምስቷ ናት የቀረችው።

ተቀባዮቹንም አልረሳኋቸውም። ሊንኩ በደረሰ በሁለት ሰከንድ እሳት ሪአክት ያደርጋሉ፣ በድሬ ሙቀት ላይ ሌላ እሳት፣ ከዛ "አሪፍ ነው፣ በኋላ አነበዋለሁ" ብለው ሴቭ። አንዷ ጓደኛዬ ሴቭ ያደረገችውን አሳየችኝ፣ ጣቴ እስኪደክም ወደ ላይ ብስበው አያልቅም፣ "ስልክ የማየት ሱስን መተው" የሚለው ብቻ ሦስት ቦታ አለ። አላነበበችውም፣ ግን አላት። ያለው ሰውና የሌለው ሰው እኩል ነው እንዴ?

ደግሞ ይሄ በኛ ብቻ የመጣ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲና የፈረንሳዩ ኢንሪያ ተመራማሪዎች ትዊተር ላይ የሚለጠፉ ሊንኮችን አጥንተው 59 ከመቶዎቹን ማንም እንዳልከፈታቸው ጽፈዋል። ከዛ በፊት በ2014 ኤንፒአር የሚባለው የአሜሪካ ሬዲዮ ለአፕሪል ዘ ፉል "አሜሪካ ለምን ማንበብ ተወች?" የሚል ርዕስ ፌስቡክ ላይ ለጠፈ፣ ገብተህ ስታየው ቀልድ ነው፣ እባካችሁ ኮመንት አታድርጉ ነው የሚለው፣ ሰዉ ግን ሳይገባ ስለ ንባብ መሞት ከስሩ ተከራከረ። እኔ የ59 ከመቶውን ስሰማ ያዘንኩት ለቀሪዎቹ ነው፣ ሰው እንዴት ስራ ቢፈታ ነው ሊንክ የሚከፍተው? የጥናቱን ሊንክ ግሩፑ ላይ ስልከው ብዙ እሳት አገኘሁ፣ አንዱም "ትክክል! ሰው አያነብም እኮ" አለኝ። ምን ላይ እንደታተመ ስጠይቀው ዳታው አለቀ።

አሁን ደግሞ በቅርቡ የዋሻውን ላክሁላቸው። ፖርክ ኤፒክ ዋሻ፣ እዚሁ ከከተማው በስተደቡብ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የዛሬ 40 ሺህ ዓመት አካባቢ ሰዎች ቀይ አፈር ለቀለም እየፈጩ የተጠቀሙበት፣ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት 4213 የአፈር ቁራጭ፣ በሚዛን 40 ኪሎ የቆጠሩበት። እሳቱ ዘነበ። ሳቢያን የሚኖረው ልጅ፣ ያ የካንሰሩ፣ ከሁሉም ቀድሞ "ዋው፣ ጉድ እኮ ነው!" አለና ቀጥሎ ጻፈ፣ "ግን የት አገር ነው ይሄ?"