«ሃቭ ኤ ሲት» እና «አረፍ ይበሉ»

ባለፈው ሳምንት እናቴን ይዤ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ወደሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ለማስፈጸም ሄጄ ነበር። እንግዳ የምትቀበለው ወጣት ዓይኗን ከኮምፒውተሯ ሳትነቅል በእንግሊዝኛ «ሃቭ ኤ ሲት» አለቻት፤ እንድትቀመጥ መጋበዟ ነበር። እናቴ እንግሊዝኛ ስለማታውቅ መታወቂያዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ ልጅቱም ያልሰማቻት መስሏት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ያንኑ ደገመችላት። የሰባ አራት ዓመት እናቴ፣ ተወልዳ ባደገችበት ከተማ፣ የተባለችው ሳይገባት በሚያማት ጉልበቷ መቆሟ እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

እኔ የምኖረው ከዋሽንግተን ቀጥሎ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚያ ይህ ሐረግ እንደ ቦታው ትርጉሙ ይለያያል። በሐኪም ቤት «ስምህ ተመዝግቧል፣ እስክትጠራ ጠብቅ» ማለት ነው፤ በሰው ቤት ግብዣ ነው፤ አለቃ በሩን ዘግቶ ሲናገረው ግን ደስ የማይል ወሬ ሊከተል እንደሚችል ሠራተኛው ይገባዋል። ወጣቶች ደግሞ በክርክር መሐል «አሁንስ ዝም በል» ለማለት ይጠቀሙበታል። «ሲት ዳውን» ብቻውን ለአዋቂ ሲነገር ትእዛዝ ስለሚመስል ነው ሰዎች «ሃቭ ኤ ሲት»ን፣ ወይም ቃል በቃል «ወንበር ውሰድ» የሚሆነውን «ቴክ ኤ ሲት»ን፣ የሚመርጡት። እንግሊዝኛ ሕፃኑንም አዛውንቱንም በአንድ «ዩ» ስለሚጠራ አክብሮቱ የሚታወቀው «ፕሊስ» ወይም «ማም» በሚሉት ቃላትና በድምፅ ለዛ ነው።

በእኛ ቋንቋ ግን ግሡ ራሱ ሰውን ያከብራል። «ተቀመጪ» እና «ይቀመጡ» አንድ አይደሉም፤ «አረፍ ይበሉ» ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል፣ የመጣውን ሰው ድካም አይቶ የሚናገር ነውና። «ኖር» ብሎ ከመቀመጫ መነሣትና «በእግዜር» የሚለውን መልስ መቀበልማ የራስን ቦታ እስከ መልቀቅ የሚደርስ ነው። የዚያኑ ዕለት ጠዋት፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቀላል ባቡር ከስታዲየም ወደ ሜክሲኮ ስንመጣ፣ ቦርሳ ያነገተ ተማሪ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «እማማ፣ እዚህ አረፍ ይበሉ» ብሏት ነበር።

በመሥሪያ ቤቱ ስድስት ወንበሮች ነበሩ፣ ስድስቱም ተይዘዋል፣ የተነሣም አልነበረም። በውጭ አገር ያ ሐረግ ሲነገር በአብዛኛው ባዶ ወንበር አለ፣ ተራም ይጠበቃል፤ እኛ ሐረጉን ተውሰን ወንበሩንና ተራውን ትተናቸዋል። ከእኛ በኋላ የመጡ ሦስት ሰዎች ቀድመውን ሲገቡ፣ እናቴ ግድግዳ ተደግፋ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቀች። ስንወጣ ልጅቱን ለምን በአማርኛ እንዳላናገረቻት በትሕትና ጠየቅኋት፤ እንግዳ በእንግሊዝኛ እንዲቀበሉ ታዝዘው እንደሠለጠኑ ነገረችኝ። ልጅቱን አልወቅሳትም፤ የምወቅሰው፣ ለአንዲት አዛውንት «አረፍ ይበሉ» ማለትን እንደ ኋላቀርነት ቆጥሮ ያሠለጠናትን ሰው ነው።

ወደ ባቡሩ ስንመለስ እናቴ ክንዴን ይዛ «ያቺ ልጅ ምን ነበር ያለችኝ?» ስትል ጠየቀችኝ።

«አረፍ ይበሉ ነው ያለችሽ» አልኳት።

ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «እሱንማ ብትለኝ ኖሮ እመርቃት ነበር» አለችኝ።