ጳጉሜን 6

የጎንደር ሰዎች! የዚያች የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እናት ሲሞቱ ድንኳኑ ባዶውን ዋለ። ዕድሩ ወንበር ላከ፤ የሚቀመጥበት ሰው ግን አልመጣም። ሰበቡ «ሾልኮ የወጣ» የተባለ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። የነዋሪዎችን የይዞታ ማህደር ለደላላ አሳልፋ ሰጥታ ከሥራ ታግዳለች ይላል። ራስጌ፣ ቲተርና ክብ ማህተም ስላለው በአንድ ማታ ከአራዳ እስከ አዘዞ አዳረስነው።

ቀኑን ማን አነበበው? «ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ዓ.ም.» ይላል። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው። ሉቃስ 2015 ነበር፤ 2016 ዮሐንስ ነው፣ በጳጉሜን 5 አለቀ። ባሕረ ሐሳብ በሚቆጠርበት ከተማ የሌለ ቀን አለፈን!

ማህተሙንም አጉልቶ ያየ የለም። በእጅ የተመታ ማህተም ብዙ ጊዜ አንዱ ጎኑ ይደምቃል፣ ሌላው ይደበዝዛል። ይኼ ግን ዙሪያውን እኩል ነው፤ ከጀርባው ከወረቀቱ የነጣ አራት ማዕዘን ይታያል። ቢሮው ቀደም ሲል ከለጠፈው ማስታወቂያ ማህተም ጋር ሲደራረብ ማዘንበሉም፣ የቀለሙ ክፍተትም አንድ ነው። በእጅ ሁለት ጊዜ የተመታ እንዲህ አይገጥምም፤ ተቆርጦ የተለጠፈ ነው።

የፊደል ግድፈት ግን ማስረጃ አይሁናችሁ፤ እውነተኛው የቢሮ ደብዳቤም ግድፈት አያጣውም። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከም ተጨምቆ ይደርሳል፣ መቼና በምን እንደተነሣ የሚናገረው መረጃ ይጠፋል። ዋናውን በፋይል መልክ ጠይቁ። ከሁሉ የሚበልጠው የወጪ ደብዳቤዎች መዝገቡ ነው፤ የደብዳቤው ቁጥር ከፊቱና ከኋላው ካሉት ጋር በቀን ይያያዛል። መዝገቡ የተገለጠው ከቀብሩ በኋላ በ12ኛው ቀን ነው። በዚያ ቁጥር የወጣው ደብዳቤ ስለ ወንበር ጥገና ነበር።

በነገሥታቱ ዘመን በዚህች ከተማ የመሬት ሽያጭ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ኅዳግ ሲጻፍ የምስክሮቹ ስም አብሮ ይሰፍር ነበር። እኛ ላኪውን እንኳ አልጠየቅንም። ማህተም ከማህተም መለየት የምናውቀውም ያን ማታ አይተን ዝም አልን፤ የእኛ ይብሳል።

«ይቅርታ» ብሎ የጻፈ አለ። እሷ ግን የለቅሶ ጎረቤት እንጂ ጽሑፍ አልጎደላትም። የእናቷ አርባ እሑድ ነው። እንሂድ። ምናልባት በሩን ትከፍትልን ይሆናል።