ማስተካከያ፦ ፖርት ኮሼር የመኪና ማቆሚያ አይደለም

ባለፈው ጽሑፌ «ፖርት ኮሼር» መኪና የሚቆምበት ጣሪያ ነው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እዚያ መኪና አይቆምም። መኪናው ከጣሪያው ሥር ይገባል፣ ተሳፋሪው ዝናብ ሳይነካው በሩ ላይ ይወርዳል፣ ከዚያ መኪናው በሌላው ወገን ይወጣል። በትልልቅ ሆቴሎች መግቢያ ላይ የምናየው እሱ ነው። በሐምሌ ዝናብ ሻንጣ ይዞ የወረደ ሰው ጥቅሙን በደንብ ያውቀዋል። እኔ የገለጽኩት ካርፖርትን ነው፤ መኪናው የሚያድርበትን፣ ጎኑ ክፍት የሆነ መጠለያ።

ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ የሠረገላ በር ማለት ነው። ፈረንሳዮች ዛሬም በዚህ ስም የሚጠሩት በድሮ ቤቶች ላይ ሠረገላ ወደ ውስጠኛው ግቢ የሚያልፍበትን ትልቅ በር ነው። ጣሪያውን የሚመለከተው ትርጉም ከእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የመጣ ነው። ይህንንም መጻፍ ነበረብኝ።

ሌላም ስህተት አለ። በዋሽንግተን ዋይት ሐውስ በሰሜን በኩል፣ ሠረገላ ከሥሩ እንዲያልፍ የተሠራው ባለ ዓምድ መግቢያ ከሕንፃው ጋር አብሮ እንደተሠራ ጽፌ ነበር። አይደለም። ፕሬዚዳንቶች እዚያ መኖር የጀመሩት በ1800 እ.ኤ.አ. ነው። የሰሜኑ መግቢያ የተጨመረው ግን በአንድሪው ጃክሰን ጊዜ፣ በ1829 እና 1830 ነው። የደቡቡ ቀድሞት በ1824 ተሠርቷል። ሁለቱንም ያሠራው የሕንፃው የመጀመሪያ አርክቴክት ጄምስ ሆባን ነው።