ጥርስ አላሽቶ ዝም!

ይህን የምጽፈው ለአንድ ሰው ነው። ማን እንደሆነ አላውቅም። ከእኔ በፊት የዚህን መኪና ካንዴላ፣ ያንን በብልጭታ ነዳጅ የሚያቀጣጥለውን ዕቃ፣ የቀየረ ሰው ነው። አንተ ሰውዬ! ካንዴላው የሚታሰርበትን የሦስተኛውን ሲሊንደር ጥርስ አላሽተህ፣ በማጣበቂያ ለጥፈህ፣ ሽፋኑን መልሰህ ገጥመህ ስትሄድ ትንሽ አልከበደህም?

ኧረ በሕግ!

መኪናው ሲነሳ "ትስ ትስ ትስ" የሚል ድምፅ ነበረው። ነዳጅ ስረግጥ ድምፁም አብሮ ይፈጥናል። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጥረዋል። ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ኮይል ሳነሳው ጫፉ በጥላሸት ጠቁሯል። ካንዴላውን በመፍቻ ያዝኩት። ምንም ሳይታገለኝ ዞረ። ዞረ፣ ዞረ፣ ግን ወደ ላይ አይወጣም። ሳብ ሳደርገው ተነቅሎ መጣ። ካንዴላ ይፈታል እንጂ ይነቀላል እንዴ?

ጥርሱ ላይ ብርማ ቀለም ያለው ቀጭን ጥምጥም አለ። በጥፍር ሲነኩት እየተተረተረ ይወጣል። የካንዴላው አይደለም። ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የቴስታታው ጥርስ ነው፣ ተልጦ አብሮ የወጣው። በመሃል በመሃሉ ደግሞ ተሰነጣጥቆ የደረቀ፣ ቢጫ የብረት ማጣበቂያ። ማጣበቂያ! የቃጠሎው ሙቀት ከ2000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍበት ክፍል አፍ ላይ ማጣበቂያ!

እስቲ አብረን እናስላ። ባለ 14 ሚሊሜትር ካንዴላ ግፊት የሚያርፍበት ስፋቱ ወደ 1.5 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ሞተር ጭነት ይዞ ሲታገል ውስጡ ያለው ግፊት 50 ባር በቀላሉ ይደርሳል። ይህ ማለት በእያንዳንዱ ቃጠሎ ካንዴላውን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል 75 ኪሎ አካባቢ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ይህ በሰከንድ 25 ጊዜ ይደጋገማል። አንድ ጎልማሳ ሰው ከሥር ሆኖ በሰከንድ 25 ጊዜ ሲረግጠው አስቡት። ይህን ሁሉ ችሎ የሚይዘው ያ ጥርስ ብቻ ነው። ደግሞ የካንዴላው ሙቀት በአብዛኛው ወደ ቴስታታው የሚያልፈው በጥርሱና በመቀመጫው በኩል ነው። መሃል ላይ ማጣበቂያ ሲገባ ካንዴላው ይግላል። ከልክ በላይ የጋለ ካንዴላ ደግሞ ነዳጁን ያለሰዓቱ ያቀጣጥላል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ተረኛ ፒስቶን ነው።

እኔን የሚያበሽቀኝ ግን መላሸቱ አይደለም። ካንዴላው ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። ሁለቱ ከተጣሉ ማን እንደሚሸነፍ የታወቀ ነው። ጎበዝ መካኒክም ቢሆን ይገጥመዋል። አንዳንዴም እውነት የፋብሪካ ችግር አለበት። ፎርድ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ የሠራቸው አንዳንድ ትራይተን ሞተሮች የካንዴላቸው ጥርስ በጣም ጥቂት ስለነበር፣ በጉዞ ላይ ካንዴላ እየተፉ ስም አውጥተዋል። የእኔ ግን ሙሉ 19 ሚሊሜትር ጥርስ የነበረው ቴስታታ ነው። ጥርሱን የጨረሰው ጥድፊያ ነው።

እንዴት እንደተላሸ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ሰውዬው ካንዴላውን መፍቻው ውስጥ ሰክቶ፣ ረጅሙን እጀታ ገጥሞ፣ ገና ከመጀመሪያው ዙር በጉልበት ገባበት። ጠመም ብሎ የገባ ካንዴላ ደግሞ አዲስ መንገድ እየቀደደ ይሄዳል። እጀታው ረጅም ስለሆነ ለእጅ ምንም አይታወቅም። በጣት ቢጀምረው ኖሮ ወዲያው እምቢ ይለው ነበር። እሱም ካልተመቸ ቁራሽ የጎማ ቱቦ ካንዴላው ራስ ላይ ሰክቶ ቱቦውን ማዞር ይቻላል። ካንዴላው ከተጣመመ ቱቦው ይንሸራተታል እንጂ ጥርስ አይበላም። ይህን ለማድረግ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? በሕይወት ዘመኑ የሚያየው ትልቁ ኪሳራ ይሆን?

ማጥበቁስ? "እስኪበቃው" ይላሉ። ለማን ነው የሚበቃው? ሮንዴላ (የቀለበት ማሸጊያ) ያለው አዲስ ባለ 14 ካንዴላ በጣት ከተቀመጠ በኋላ ግማሽ ዙር ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ ይበቃዋል። ሮንዴላ የሌለው፣ መቀመጫው ሾጠጥ ያለው ደግሞ የዙር አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ። ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው ካጠበቅከው አለቀ። ይባስ ብሎ ጥርሱን ቅባት የሚቀባ አለ። ቅባት ሰበቃውን ስለሚቀንሰው በዚያው የቶርክ (የማጥበቂያ ኃይል) ልክ ከሚገባው በላይ ይጠብቃል። ገና የጋለ ሞተር ላይ ካንዴላ የሚፈታውን ሰው ሳስበው ደግሞ ደሜ ይፈላል። ይቀዝቅዝ አቦ! ምን ያስቸኩላል?

ጋራዥ ስወስደው መካኒኩ ቀዳዳውን በባትሪ አይቶ፣ ቀና ብሎ እኔን አየኝና "ምን ነካህ ወንድሜ፣ እንዲህ ይጠበቃል?" አለኝ። እኔን! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው። የመጨረሻው የፈታ ሰው ሁሌም ወንጀለኛ ነው። ማጣበቂያውን ባላሳየው ኖሮ እስከ ዛሬም አያምነኝም ነበር።

መካሪው ደግሞ ብዛቱ! አንዱ ቴፍሎን ጠቅልልበት ይላል። ካንዴላ የውኃ ቧንቧ መሰለው። ሌላው ከታች ጥርስ አይጠፋም፣ ረዘም ያለ ካንዴላ አስገባ ይላል። ፒስቶኑ መጥቶ ሲላተመውስ? አንዱማ ቴስታታ ካልተቀየረ መፍትሔ የለውም ብሎ እንቅልፍ አሳጣኝ።

መፍትሔ አለው። የተበላው ቀዳዳ ሰፋ ተደርጎ አዲስ ጥርስ ይወጣለታል፣ ከዚያ ውስጡም ውጭውም ጥርስ ያለው የብረት ቡሽ ይገባል። ሄሊኮይል የሚባለው ጥምዝ ሽቦም አለ። እኔ ለካንዴላ ቡሹን እመርጣለሁ፤ ሽቦው አንዳንዴ ካንዴላውን ተከትሎ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ቴስታታው ሳይወርድ እዚያው ይሠራል። ከባዱ ነገር ፍቅፋቂው ነው። አሉሚኒየሙ ሲላጥ ወደ ሲሊንደር እንዳይወርድ የጥርስ ማውጫው በግሪስ ይሞላል፣ ትንሽ ዞሮ ይወጣል፣ ይጠረጋል፣ እንደገና ግሪስ። መካኒኩ እያንዳንዷን ፍቅፋቂ በጨርቅ እየጠረገ ሲሠራ ቆሜ አየሁት። ሲጨርስ ፒስቶኑን ወደ ታች አውርዶ፣ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የቀረውን ሳበው። ካንዴላውን በጣቱ ጀመረ። በጣቱ!

ሲጨርስ ሽፋኑ ውስጥ ወረቀት ለጠፍኩ፤ "3ኛው ሲሊንደር ቡሽ አለው" ይላል። አየህ ሰውዬ? አንድ መስመር ነው። አንድ መስመር ጽፈህ ብትሄድ ማን ይገድልህ ነበር?

ሦስተኛው አሁን ጸጥ ብሏል። የቀሩትን ገና አልነካኋቸውም። እነሱም ላይ ያንን ቢጫ ማጣበቂያ ካገኘሁ ግን የሚቀጥለው ጽሑፌ እንዲህ በጨዋ ቋንቋ አይጻፍም።